ከመትከላችን በፊት እንቁጠር

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ
ለከተማዋ አድባራት አስተዳዳሪዎች
ጎንደር

ጉዳዩ፦ የከተማዋ ዛፎችና ዕፅዋት ተቆጥረው በመዝገብ እንዲያዙ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ከተማችን በሥራ ላይ ናት። መንገዱ ይሰፋል፣ የእግረኛ መሄጃው ይነጠፋል፣ የድሮ አጥር ይፈርሳል፣ የፋሲል ግቢ ግንቦችም ይታደሳሉ። ልማቱን ጠልቼ የምጽፍ እንዳይመስላችሁ። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ጥገና ይደረግለት ስንል የኖርነው እኛው ነን። የኮሪደር ልማት የሚባለው ይህ ሥራ ሲመጣ ነዋሪው ስለ ቤቱ፣ ስለ ሱቁና ስለ ካሳው ጠየቀ፤ ሊጠይቅም ይገባው ነበር። በየአጥሩ፣ በየወንዙ ዳርና በየደብሩ ቅጥር ስለበቀለው ግን የጠየቀ ብዙ አልሰማሁም። እኔ ዛሬ የምጠይቃችሁ እሱን ነው። ጎንደር ውስጥ ምን በቅሏል? የት የት አለ? ስንት ነው? በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል?

ነዋሪ ገብቶ ሊያገላብጠው የሚችል የከተማዋ የዛፍ መዝገብ አይቼ አላውቅም። ካለ ይውጣና እንየው፤ ከሌለ ይጀመር። በየክረምቱ ስንት ችግኝ እንደተተከለ ሪፖርት ይቀርብልናል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። የምንተክለውን መቁጠር እንችልበታለን ማለት ነው። የቀረን የጸደቀውንና እኛ ሳንተክለው የቆየንን መቁጠር ነው።

ጥያቄዬ የቅንጦት እንዳይመስል ከከተማዋ ታሪክ ልነሣ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በ1770 ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ዋንዛ ሲጽፍ፣ በጎንደር እያንዳንዱ ቤት ዙሪያውን ሁለት ሦስት ዋንዛ እንዳለው፣ ከከፍታ ላይ ሆኖ ለሚመለከታት ከተማዋ በተለይ በክረምት ደን እንደምትመስል ይነግረናል። ዝናቡ አልፎ መስከረም ሲመጣ ደግሞ ዋንዛዎቹ በአንድ ሌሊት በነጭ አበባ ይሸፈኑና ከተማዋና አካባቢዋ ነጭ ልብስ የለበሱ ይመስላሉ ይላል። አብሮት የነበረው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ የአገሩን ዕፅዋት እየቀለመ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1771 እዚሁ ጎንደር ሞተ። ሥዕሎቹ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ።

የብሩስ ጽሑፍ ለተመራማሪ የሚጠቅም መረጃ ነው። የዛፉን ዓይነት ይናገራል፣ የት ይተከል እንደነበር ይናገራል፣ የሚያብብበትን ወቅት ይናገራል። ዛሬ አንድ ተማሪ ጎሃ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ያችኑ ከተማ ቁልቁል ቢያይ ቆርቆሮውንና ባሕር ዛፉን አይስተውም፤ ስንት ዋንዛ እንደቀረ ግን ማን ይነግረዋል? ዋንዛ የተጠቃው ጠቃሚ በመሆኑ ነው። በርና መስኮቱ፣ ሙቀጫው፣ ከበሮው፣ ሳንቃው ከእሱ ይወጣል። ፍሬውን ልጆች ይለቅሙታል፤ አበባውን ንብ ትወደዋለች። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጽድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። በመንገድ ዳር የቆመውንና በግለሰብ ግቢ የበቀለውን ዋንዛ ግን ያ ክልከላ አላዳነውም። ከተማ ውስጥ ያለ ዛፍ በደን ሕግና በግንባታ ሕግ መካከል ሾልኮ ይቀራል።

ከብሩስ ወዲህም አገራችንን በዕፅዋት ምርምር ያሰሱ ብዙ ናቸው። ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ አርባ ዓመት ያህል በትግራይና በሰሜን ተራሮች እየተዘዋወረ ናሙና ሲለቅም ኖሯል። በጎንደር አጥር ሁሉ ላይ የምናየው፣ አንዳንዱ ስሚዛ የሚለው ሰንሰል እንኳ በሳይንሱ ዓለም የሚጠራው በሺምፐር ስም ነው። ከዚያ የአገር ልጆች ተራ መጣ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ማዕከልነት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ዝርዝር እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2009 በስምንት ቅጽ ታትሞ ወጣ። 6,000 ያህል የዕፅዋት ዝርያዎች በውስጡ ሰፍረዋል፤ ጎንደርም ራሷን የቻለች አንድ የዕፅዋት ቀጠና ሆና ተቀምጣለች። ታላቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ያ መጽሐፍ አንድ ዝርያ በጎንደር ምድር እንዳለ ይነግራል እንጂ በየትኛው ሰፈር፣ በየትኛው ወንዝ ዳር፣ ስንት ሆኖ እንደቆመ አይነግርም፤ ሥራውም አይደለም። ያ የከተማዋ የራሷ የቤት ሥራ ነው።

ከተማ የዕፅዋት ምርምር ቦታ ይሆናል ወይ የሚል ሰው ካለ ሁለት ከተሞችን ልጥቀስ። ሪቻርድ ዲኪን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በሮም ኮሎሲየም ፍርስራሽ ላይ የበቀለውን ሁሉ እየዞረ መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ1855 መጽሐፍ አወጣ፤ 420 ዝርያ ቆጥሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1871 ፍርስራሹ ሲጸዳ ያ ሁሉ ተነቀለ። ዛሬ የሮም ተመራማሪዎች በግንቡ ላይ የሚያገኙትን ከድሮው የሚያነጻጽሩት የዲኪን መጽሐፍ ስላለ ነው። ሁለተኛዋ ምዕራብ በርሊን ናት። ከተማዋ በግንብ በተከበበችበት ዘመን የዕፅዋት ተመራማሪው ኸርበርት ሱኮፕና ባልደረቦቹ እንደ ልብ ወደ ገጠር መውጣት አልቻሉም። ስለዚህ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፈረሰውን ቤት፣ የተተወውን የባቡር ሐዲድ፣ የመንገዱን ዳር ማጥናት ያዙ። የከተማ ሥነ ምህዳር የሚባለው የምርምር ዘርፍ እንዲያድግ ትልቅ ድርሻ ያበረከተው ይኸው ሥራ ነው። መዝገባቸው የከተማው ፕላን አውጪዎች መነሻ ሆነ፤ ዙድጌለንደ የተባለው የተተወ የባቡር ግቢም ዛሬ የሕዝብ ፓርክ ነው። እኛም ባለንበት ወቅት በጸጥታው ምክንያት ሩቅ ቆላና ደጋ ወርዶና ወጥቶ ናሙና መልቀም ለተማሪም ለመምህርም ከብዷል። ከተማው ግን ከካምፓሱ በር ላይ ይጀምራል።

ምን እንደሚቆጠር ግልጽ እንዲሆን ከግንቦቹ ልጀምር። በጥምቀት ሰሞን ከቀሃ ወንዝ በቦይ ውኃ የሚሞላውን የፋሲል መዋኛ ያየ ሰው በቅጥሩ ግንብ ላይ የተጋደሙትን የዛፍ ሥሮች አይረሳቸውም። የዋርካ ወገን ናቸው። አንዲት ወፍ ፍሬ በልታ ግንቡ ላይ ታርፋለች፤ ከኩሷ ጋር የወደቀው ደቃቅ ዘር በድንጋይና በኖራ መካከል ባለች ስንጥቅ ይቀመጣል። ክረምት ሲገባ ይበቅላል። ላዩ ሲታይ ሁለት ሦስት ቅጠል ያላት ቡቃያ ናት፤ ሥሯ ግን እርጥበት ፍለጋ በድንጋዩ ፊት ላይ ቁልቁል ይወርዳል። አፈር የነካ ዕለት መወፈር ይጀምራል፣ ይተበተባል፣ ግንቡን ሰቅዞ ይይዛል። በአንድ በኩል ድንጋዩን እየገፋ ያላቅቃል፤ በሌላ በኩል የላላውን ድንጋይ አቅፎ ያቆማል። ዝም ብሎ የተቆረጠ እንደሆነ ሥሩ በግንቡ ሆድ ውስጥ ይበሰብስና ባዶ ቦታ ይተዋል፤ የቆመው ሊናድ ይችላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሥር ላይ የሚወስኑት ግንበኛውና የዕፅዋት ባለሙያው አንድ ላይ ቆመው ሲያዩት ነው።

በግንቡ ስንጥቅ የሚበቅለው ዋርካ ብቻ አይደለም። እንዳሁላው፣ ሣሩ፣ ድንጋይ ላይ የሚጣበቀው ሽበት ሁሉ እዚያው አለ። ለቅርሱ ሲባል መነቀል ያለበት ይነቀል፤ በዚህ አልከራከርም። የምለው ከመነቀሉ በፊት ፎቶ ይነሣ፣ ስሙ ይጻፍ፣ ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ናሙና ደርቆ ይቀመጥ ነው። ግንቡ ሲታደስ ድንጋዩ እየተለካ በፕላን ላይ ይሰፍራል፤ የበቀለበት ቡቃያም አብሮ ቢሰፍር ለባለሙያው የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከግንቡ ወጣ ብንል መሐል ከተማ ላይ የጃንተከል ዋርካ አለ። የነገሥታቱ አዋጅ ይነገርበት እንደነበር አባቶች ያወሩናል፤ አንድ ክፍለ ከተማ በስሙ ተጠርቷል። እንዲህ ያለው ዛፍ የዙሪያው ስፋት በየዓመቱ ሊለካ፣ የደረቀ ቅርንጫፉ ሊታይ፣ ሥሩ በሲሚንቶ እንዳይታፈን ሊጠበቅ ይገባዋል። ዋርካና ሾላ ለከተማ ወፎች ጎተራ ናቸው። አንዱ ሲያፈራ ሌላው ባዶ ሊሆን ስለሚችል፣ በከተማው ውስጥ በርከት ብለው ሲገኙ ዓመቱን ሙሉ የሚበላ አይጠፋም። እያንዳንዱ የዋርካ ዝርያ አበባውን የምታዳቅልለት የራሱ ደቃቅ ተርብ አለችው። ዛፎቹ እየተመናመኑና እየተራራቁ ከሄዱ ተርቧ ከአንዱ ወደ ሌላው መድረስ ይቸግራታል፤ ያኔ ፍሬውም ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ዋርካ ለመቁረጥ ስናስብ በአካባቢው ስንት እንደቀረ ማወቅ አለብን።

ከአደባባይ ይልቅ ብዙው ሀብት ያለው በየግቢው ነው። የጎንደር ነባር ግቢ ምን እንደሚያበቅል ከእናቶቻችን በላይ የሚያውቅ የለም። ለጠላው ጌሾ፣ ለቡናው ጤና አዳም፣ ለምቹ ዳማ ከሴ፣ ለወጡ በሶብላ፣ ጋኑን ለማጠብ ግራዋ፣ ዕቃውን ለማጠን ወይራ፣ ጋቢውን ለማጠብ እንዶድ አለ። አጥሩ ሰንሰል ነው፤ በሰንሰሉ ውስጥ አጋምና ቀጋ ተሰግስጎ ይገኛል። ያ አጥር ዛሬ በብሎኬትና በቆርቆሮ እየተተካ ነው፤ ግቢው ኮንዶሚኒየም ሲሆን ደግሞ ከናካቴው ይጠፋል። ሰው የተሻለ ቤት እንዳያገኝ የሚፈልግ የለም። ይሁንና ግቢው ሲፈርስ የሚጠፋው ምን ያህል እንደሆነ ካልተመዘገበ፣ በአዲሱ የጋራ ግቢ ውስጥ ምን መልሰን እንደምንተክልም አናውቅም።

የአጥር ተክል ንቀን እንዳናልፈው የእንዶድን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በመሆኑ ነገሩን ተከትሎ መረመረና እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለውበታል። በጣና ዙሪያ ቢልሃርዝያ ዛሬም የታወቀ በሽታ ነው። በየጓሯችን ያለው እንዶድ ስንት እንደሆነ፣ የትኛው እንደሚያፈራ፣ የት እንደቀረ ማወቅ ለዚህ አካባቢ የጤና ጥያቄም ጭምር ነው።

ወደ አድባራቱ ልለፍ። በቤተ ክርስቲያን ደን ላይ የዶክተር አለማየሁ ዋሴ ምርምር በዓለም የሚታወቅ ነው። እሱና ባልደረቦቹ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያ መዝግበዋል። ኋላም ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር እየተመካከሩ ደኖቹን በድንጋይ ካብ የማጠር ሥራ ጀምረዋል፤ ከብት ስለማይገባ ቡቃያው ያድጋል። በገጠር የተሠራው ሥራ በከተማ ደብሮች ላይስ? ጎንደር በአርባ አራት ታቦቷ የምትጠራ ከተማ ናት። የደብረ ብርሃን ሥላሴን የሐበሻ ጽዶች የማያውቅ የለም፤ ቁስቋም፣ ቀሃ ኢየሱስ፣ አባ እንጦንስም ቅጥራቸው ዛፍ አለው። የከተማ ደብር ግን ከገጠሩ የተለየ ፈተና አለበት። ከዙሪያው የሚከራይ ሱቅ ይሠራል፣ መቃብሩ በሲሚንቶ ይሸፈናል፣ ለገቢ ተብሎ ባሕር ዛፍ ይገባል። ሽማግሌው ወይራ ይቆማል፤ ከሥሩ ግን አንድም ቡቃያ አይታይም። ትልልቁን ዛፍ እያየን ደን አለን እንላለን፤ ተተኪ የሌለው ደን ግን ዕድሜው የቆሙት ዛፎች ዕድሜ ነው። ስለዚህ በደብሮች ቆጠራው ከትልቁ ዛፍ ይልቅ ቡቃያውን ይመልከት።

ለአስተዳዳሪዎቹ አንድ ቃል ልጨምር። መዝገቡ የማንንም ይዞታ ለመንካት አይውልም፤ የዛፉ ባለቤት ደብሩ ነው። ይልቅ ነገ መንገድ በቅጥሩ በኩል ይለፍ የሚል ፕላን ቢመጣ ደብሩ የሚከራከርበትን ማስረጃ ይሰጠዋል። ይኸው ለመስጊድ ቅጥሮችና ለመካነ መቃብሮች ሁሉ ይሠራል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቸኩለው የወንዝ ዳሩ ነው። ቀሃና አንገረብ ከተማዋን ግራና ቀኝ ይዘው ይወርዳሉ፤ መድረሻቸው መገጭ ነው፤ መገጭ በደምቢያ ሜዳ አልፎ ጣና ይገባል። ከተማዋ የምትለቀው ቆሻሻ ውኃም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ ሲታወቅ መጀመሪያ የታየው በመገጭ መግቢያ አካባቢ ነበር። እምቦጭ ከሰውና ከእርሻ የሚወጣ ንጥረ ነገር የበዛበትን ውኃ ይወዳል። የደምቢያ ገበሬ ጀልባ ላይ ወጥቶ በእጁ ሲነቅለው ስንት ዓመት አየነው! የወንዝ ዳር ዛፍና ሣር ደለሉን ይይዛል፣ ከንጥረ ነገሩም የተወሰነውን ያስቀራል። ዳሩ በተራቆተና በኮንክሪት በተለበጠ ቁጥር ሁሉም ወደ ታች ይወርዳል። የአንገረብ ግድብ በደለል ምን እንደደረሰበት ውኃ በወረፋ የሚያገኝ ነዋሪ ያውቀዋል። እንግዲህ በቀሃ ዳር ምን እንደቀረ፣ የት እንደተራቆተ በካርታ ላይ ይታይ። የወፍ ቆሎን የመሰለ ወራሪ ቁጥቋጦ የት የት እንደያዘም ይለይ። የኮሪደር ልማቱ ወንዝ ዳር ሲደርስ ሣር ለማንጠፍ ከመቸኮሉ በፊት ይህን ካርታ ይመልከት።

ስለሚተከለውም ልናገር። የችግኝ ጣቢያዎቻችን ቶሎ የሚደርስ ይወዳሉ፤ ግራቪሊያ፣ የፈረንጅ ጽድ፣ ባሕር ዛፍ፣ ጃካራንዳ፣ አሁን ደግሞ ለመንገድ ማስዋቢያ ዘንባባ። ጠላት አይደሉም፤ ባሕር ዛፍ ባይኖር የአገሩ ጎጆ በምን ይሠራ ነበር! ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ወፏም ንቧም የሚፈልጉትን አያገኙም። ደግሞም የአካባቢያችን ምድር አንድ ዓይነት አይደለም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፤ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ። ጎንደር ላይ የሚያምርበት ዋንዛ ደባርቅ ላይ ውርጭ ይመታዋል። ለደባርቅና ለዳባት መንገድ ኮሶና አስታ ነው የሚያዋጣው፤ ከዚያ በላይ የጅብራ አገር ነው። ለጎንደርም ለደባርቅም አንድ ዓይነት የችግኝ ዝርዝር ማውረድ ገንዘብ ማባከን ነው። የትኛው ችግኝ የት እንደጸደቀ የሚያሳይ መዝገብ ከሁሉም ኮሚቴ የተሻለ አማካሪ ነው።

ይህ ሁሉ አይቻልም እንዳይባል ዩኒቨርሲቲውን የራሱን ታሪክ ላስታውሰው። በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ተማሪዎቹን ወደ ሕዝቡ ማሰማራት መለያው ነበር። ዳባት ላይ ያለው የምርምር ማዕከሉ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ልደቱን፣ ሞቱን፣ የሚመጣውንና የሚሄደውን ሰው ቤት ለቤት ይመዘግባል። በደጋው መንደር የሰውን ልደትና ሞት ለዓመታት ሳይታክት የመዘገበ ተቋም የከተማ ዛፍ መቁጠር አያቅተውም። ዘዴው ያው ነው፤ ሰፈር መከፋፈል፣ ቁጥር መስጠት፣ ተመልሶ ማየት።

የሚያስፈልገው ዕቃም ብዙ አይደለም። ሁለት ተማሪ፣ አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ቦታ የሚያሳይ ስልክ፣ አንድ ደብተር። ዛፉ ሲገኝ ስሙ በአገሬው አጠራርና በሳይንሳዊ ስያሜው ይጻፋል፤ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ የግንዱ ዙሪያ ይለካል፤ ቦታው ይመዘገባል፤ ጤናው፣ የቆሰለ መሆን አለመሆኑ፣ ሥሩ አፈር ላይ ወይም ሲሚንቶ ሥር መሆኑ ይጠቀሳል። የግቢው ባለቤት ማን እንደተከለውና ለምን እንደሚጠቀምበት ይጠየቃል። ስሙ ካልታወቀ አበባና ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ተቆርጦ በአሮጌ ጋዜጣ መሐል ይደረጋል፣ ጠፍጣፋ ጣውላ ተጭኖት በየቀኑ ጋዜጣው እየተቀየረ ይደርቃል፤ ከዚያ በወረቀት ላይ ተለጥፎ ቦታና ቀን ተጽፎበት ወደ ባለሙያ ይሄዳል። ይህን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ይችለዋል። የትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበባት በየሰፈራቸው ቢሰማሩ ልጆቹ ከመጽሐፍ የማያገኙትን ትምህርት ያገኛሉ።

በዚህ መሠረት የምጠይቃችሁን በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ከተማ አስተዳደሩና ዩኒቨርሲቲው ተፈራርመው በስድስቱም ክፍለ ከተሞች፣ ማለትም በማራኪ፣ በፋሲል፣ በዞብል፣ በአራዳ፣ በጃንተከልና በአዘዞ ጠዳ ቆጠራው ይጀመር። የወንዝ ዳሮቹና ግንባታ የሚደርስባቸው መንገዶች ይቅደሙ።

ሁለተኛ፣ ግንዱ ሁለት ክንድ የሚሞላ ማንኛውም ዛፍ ከመንገድም ሆነ ከመንግሥት ግቢ ከመቆረጡ በፊት ማስታወቂያ ይለጠፍበት፤ ለምን እንደሚቆረጥ፣ ማን እንደወሰነና በምትኩ ምን እንደሚተከል ይጻፍ። ሕዝቡ አስተያየት የሚሰጥበት ቀን ይኑረው።

ሦስተኛ፣ በቅርስ ግንቦች ላይ የሚደረግ ነቀላ ሁሉ ከዕፅዋት ባለሙያ ጋር ይሁን፤ የተነቀለው ሁሉ ናሙናው ይቀመጥ።

አራተኛ፣ የከተማዋ ችግኝ ጣቢያ ከሚያፈላው ውስጥ ዋንዛ፣ ወይራ፣ የሐበሻ ጽድ፣ ብሳና፣ ዋርካና ሾላ ጉልህ ድርሻ ይኑራቸው። ዘሩም ከዚሁ ከከተማዋ ደብሮች ካሉት ነባር ዛፎች ይለቀም፤ የአካባቢውን አየርና አፈር ለምደው የኖሩ ናቸውና።

አምስተኛ፣ መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ይሁን። በወረቀትም በድረ ገጽም ይውጣ፤ በየዓመቱም ምን እንደጨመረና ምን እንደጎደለ ይነገር።

ገንዘብ የለም የሚል መልስ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በየዓመቱ ተተክለው የሚደርቁ ችግኞች ግን በነጻ አልመጡም፤ ጉድጓዱም፣ ውኃውም፣ የሰው ጉልበቱም ዋጋ አለው። የትኛው የት እንደሚጸድቅ ማወቅ ይህን ወጪ ይቆጥባል። ልማቱ ይዘገያል የሚልም ይኖራል። የከተማ ፕላን መመሪያችን ከመሬቱ 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን ይላል። የመንገዱንና የሕንፃውን ድርሻ በሜትር እንለካለን፤ የአረንጓዴውን ድርሻ ለመለካት ደግሞ መዝገብ ያስፈልጋል። ያልተለካ 30 በመቶ ወረቀት ላይ ብቻ ይኖራል።

የሚመጣው የችግኝ ተከላ ሐምሌ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ቢያንስ በአንድ ክፍለ ከተማ ቆጠራው ተጀምሮ ውጤቱ በከተማ አስተዳደሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲወጣ እጠይቃለሁ። ለዚህ ደብዳቤ በምትሰጡት መልስ ሥራውን የሚመራው ክፍል ማን እንደሆነና ነዋሪ በምን ሊያግዝ እንደሚችል ብትገልጹልን፣ ሜትርና ደብተር ይዘው የሚቀርቡ ሰዎች እንደማታጡ አልጠራጠርም። ከእነርሱ አንዱ እኔ ነኝ።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር፣
የከተማዋ ነዋሪና የሥነ ሕይወት መምህር

ግልባጭ፦
ለየክፍለ ከተማ አስተዳደሮች
ለከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአካባቢ ጥበቃ ክበባት
ለደባርቅና ለዳባት ከተማ አስተዳደሮች